ከቡሬ የመጣው ቀሚስ

ቅዳሜ፣ የሆሳዕና ዋዜማ

ቀሚሱን እኔ አልገዛሁትም።

ሳጥኑን የከፈትኩት የምሠራበትን የገበሬ ማኅበር ዕቃ ቤት ትርፍ ቁልፍ ፍለጋ ነው። ሚስቴ ማስተዋል ጌሾ ልትበደር ጎረቤታችን እትየ ጥሩ ዘንድ ሂዳ ነበር። ቁልፉ ከጋቢው ሥር ይሆናል ብየ እጄን ሰደድኩ፣ ፌስታል ነካሁ። ፌስታሉ ላይ የቡሬ ልብስ ቤት አድራሻ አለ። ውስጡ የሴት ቀሚስ፣ ከነእጥፋቱ፣ አንድ ቀን እንኳ ያልተለበሰ። ጥለቱ አረንጓዴ ነው፣ መሐል ለመሐል ወይን ጠጅ ሐረግ ይወርድበታል። እጅጌው ጫፍ ላይም አለ። የልብስ ዋጋ ባላውቅም የክር ጥራት አውቃለሁ፣ እናቴ ስትፈትል እያየሁ ነው ያደግሁ። ይኸ ርካሽ ክር አይደለም።

እንደነበረ አጥፌ መለስኩት። እንደነበረ መሆኑን እንጃ። ቁልፉን አላገኘሁም።

የማውቀው፦
አንደኛ፣ ጾሙ ሲገባ «ዘንድሮ ለፋሲካ ልብስ የለም፣ ያለን ሁሉ ለቃልኪዳን ትምህርት ነው» ያልኩ እኔ ነኝ። ማስተዋል «እሽ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ያኔም ቅር ብሎኝ ነበር፣ ሰው እንዴት አንዴ እንኳ ሳይከራከር እሽ ይላል።
ሁለተኛ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ቡሬ ሂዳ እህቷ የዝና ዘንድ አድራለች። አራስ ጥየቃ ነው፣ የዝና ሦስተኛ ልጇን ወልዳ ነበር።
ሦስተኛ፣ የየዝና ባል ዳኛቸው ይባላል። እህል ነጋዴ ነው። ለሰው መስጠት ይወዳል፣ በተለይ ሌላ ሰው ሲያየው።

የማላውቀው፦ ማን ገዛው።

ይኸን የምጽፍ ዕቃ ቤት፣ ማዳበሪያው ከረጢት ላይ ቁጭ ብየ ነው። ቤት ብጽፍ «ምን ትጽፋለህ» ትለኛለች። ጾሙን እንደ ወጉ አልጋ ለይተናል፣ እኔ ሳሎን ፍራሽ ላይ ነኝ። ሰው ከሚስቱ ይኸን ያህል ርቆ ሲከርም ሐሳብ ቦታውን ይይዛል።

ሌላ ጉዳይ። ከግቢ ስወጣ ጌሾዎቻችን ራቁታቸውን ቁመዋል። የእትየ ጥሩ ፍየል ናት። ድንጋይ ወረወርኩባት፣ ለእትየ ጥሩም በአጥሩ ላይ ተናገርኩ። «ፍየሌ ያንተን ጌሾ ጣዕሙንም አታውቀው» አሉኝ። ታዲያ የኛ ጌሾ የት ሄደና ነው ማስተዋል የእርስዎን የምትበደር፣ ልላቸው ብየ ተውኩት። ትልቅ ሰው ናቸው።

እሑድ፣ ሆሳዕና

ዘንባባውን ጣቴ ላይ አስሬ ከቤተ ክርስቲያን ተመለስኩ። ማስተዋል ሽንኩርት ትከትፋለች። እንደዋዛ አድርጌ፣ ለፋሲካ ምን ትለብሻለሽ አልኳት።

«ያለኝን» አለች።

ውሸት አይደለም። አላት። ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ከምሳ በኋላ ኔትወርክ መጣ። ትልቋ ልጃችን ቃልኪዳን ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ለፈተና የምታጠናበትን ሰዓት ይኸ ስልክ ይበላዋል። «አባየ፣ የነ የዝናን ፎቶ አየኸው?» አለችኝ። ቡሬ ፎቶ ቤት ገብተው የተነሡት ነው። ከኋላቸው የተሣለ ፏፏቴ አለ። ዳኛቸው፣ የዝና፣ ሁለቱ ልጆች፣ አራሷ እቅፍ ውስጥ ያለው ሕፃን ሳይቀር። ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሰዋል። የዳኛቸው ሸሚዝ ደረቱ ላይ ጥለት አለው።

አረንጓዴ ነው። መሐል ለመሐል ወይን ጠጅ ሐረግ ይወርድበታል።

ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። ቃልኪዳን በጣቷ አጎላችልኝ፣ የወደድኩት መስሏት።

«አሁን እኮ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚለብስ። ያምራሉ አይደል?»

ያምራሉ አልኩ። አምስት ናቸው። ስድስተኛዋ የእኔ ሳጥን ውስጥ ናት አላልኳትም።

ሰኞ

ሥራ የለም። ለዘር ገና ነው፣ ገበሬውም ሕማማት ላይ ነው። ቁጭ ብየ ዳኛቸውን አሰብኩት። ቢጻፍ ይቀለኝ ይሆናል።

ዳኛቸው ያለው፦ አይሱዙ። ቡሬ መሐል ከተማ ቤት። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት የሚቆሙ ሸክም አውራጆች፣ «ጋሼ» የሚሉት። ፊት ላይ የማይጠፋ ሳቅ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፣ እሱ ስምንተኛን። ይኸን የሚጠይቅ ሰው ግን የለም።

የአምናው አክፋይ ትዝ አለኝ። እኛ አገር የፋሲካ ማግስት አማች ለሚስቱ ወላጆች አክፋይ ይዞ ይሄዳል፣ ሙልሙል ዳቦ፣ ጠላ፣ አቅም ያለው በግ። እኔና ማስተዋል ዳቦና አንዲት ዶሮ ይዘን ሄድን። አማቶቻችን ያሉት ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ገጠር ነው፣ መብራት የለም። ዳኛቸው በአይሱዙው ፍሪጅ ጭኖ መጣ። አራት ሰው ተሸክሞ አስገባው። አገሩ ሁሉ ሊያይ ወጣ። አማቴ እማማ ከፍተው ከፍተው አይተው፣ በርበሬያቸውን አስቀመጡበት። አይጥ አይገባበትም ብለው እስካሁን ይመርቁታል። የእኔ ዶሮ ፍሪጁ እግር ላይ ታስራ ዋለች።

ስንመለስ ማስተዋል መንገዱን ሙሉ አልተናገረችም። ምን አሰብሽ አላልኳትም ያኔ። ማለት ነበረብኝ።

ዛሬ ከቡሬ ስልክ ተደወለ። አንሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ሳቋን በመስኮት ሰማሁ። በሕማማት የምን ሳቅ ነው።

ማክሰኞ

የሆነውን በተርታ ልጻፍ፣ እንዳይጠፋኝ።

ረፋድ ላይ አንድ አይሱዙ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ዳኛቸው ወረደ። ፍኖተ ሰላም ለጉዳይ መጥቶ «አያ ይርጋን ሳላይ አልሄድም» ብሎ ነው። በሕማማት መሳሳምም መጨባበጥም የለም፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። ደስ አለኝ። እጁን መንካት አልፈለግሁም።

ከረጢት ላይ ተቀመጠ። ስለ በቆሎ ዋጋ አወራ፣ መንገዱ ለበዓሉ ክፍት ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። ከዚያ፣

«አያ ይርጋ፣ አንተ ትዳሬን ልታፈርስብኝ ነው» አለኝ።

ተነሥቸ ቆምኩ መሰለኝ።

«ለእታለም ማስተዋል ቀሚስ ገዛህላት አሉ። ቀለሙንም አንተው መርጠህ። የዝና ይኸን ከሰማች ወዲህ ቤቴ ሰላም የለም። እኔ ብር ነው የምሰጣት፣ ሂዳ ትገዛለች። እሷ ግን ምን ትለኛለች? ይርጋ ሚስቱን ያያታል፣ አንተ ትከፍላለህ፣ ትለኛለች። እውነት አንተ ነህ የመረጥከው?»

ዓይኑን አየሁት። የሚያሾፍ አይመስልም።

«አዎ» አልኩት።

ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አፌ ነው ያለ። አይደለሁም ብለው «ታዲያ ማን ገዛላት» ሊለኝ ነው። ራሱን ነቀነቀ፣ «ዝምተኛ ሰው» ብሎ ሣቀና ሄደ።

አሁን ሦስት መንገድ አለ። ወይ ዳኛቸው እውነቱን ነው፣ ከሆነ ሌላ የማላውቀው ሰው አለ። ወይ እሱ ነው የገዛ፣ መጥቶ ሊያዘናጋኝ ነው። ወይ እኔ ገዝቸ ረስቸዋለሁ። ሦስተኛውን ሰርዠዋለሁ።

ከሦስቱም የባሰው ግን፣ ለአንዲት ደቂቃ የቀሚሱ ገዢ መሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ረቡዕ

ስግደት ሄድኩ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ ማጠፊያ ይጮኻል። ስንጨርስ የንስሐ አባታችንን ቄስ ሞገስን የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አገኘኋቸው። የእኔም የማስተዋልም ነፍስ አባት እሳቸው ናቸው። በቀጥታ መጠየቅ አፈርኩ። አንድ የማውቀው ሰው አለ አልኳቸው። ሚስቱ የደበቀችው ነገር አለ ብሎ ይጠረጥራል። ነፍስ አባቷ የሚያውቁ ከሆነ፣ ምስጢሩን ሳይሆን እንዲያው ያሰጋል አያሰጋም ብቻ ቢነግሩት...

«ይኸ ሰውየ ዕቃ ቤት ነው የሚሠራ?» አሉኝ።

አጥሩን አየሁ።

«የእሷን ለእሷ ተውላት። ያን ሰውየ የራሱን ይዞ ዓርብ ይምጣ በለው።»

ይኸን ብለው ሄዱ። ወደ ቤት ስመለስ ተናድጄ ነበር። በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም። ፍየሏ መንገድ ላይ አገኘችኝ፣ ስታየኝ ሸሸች።

ሐሙስ

ጉልባን። ማስተዋል አቀረበችልኝ። ጨው አነሰው ወይ አለችኝ። አላነሰውም አልኩ። አንሶት ነበር።

ሳጥኑን ዛሬም ከፍቸ አየሁ። ቀሚሱ አለ። እጥፋቱ ግን የእኔ አይደለም፣ እኔ እጅጌውን ወደ ውስጥ ነበር ያጠፍኩት። ወይ ለክታዋለች፣ ወይ እንዳየሁት አውቃለች። አውቃ ዝም ካለች ደግሞ ከማወቋ ዝምታዋ ይከፋል።

ቃልኪዳን «አባየ፣ ምን ሁነሃል፣ ከሰሞኑ ቤቱን በዓይንህ ትመዝናለህ» አለችኝ። ሒሳብሽን አጥኚ አልኳት።

ዓርብ፣ ስቅለት

ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን። ፀሐይ፣ የሰው ላብ፣ የወይራ ቅጠል ሽታ። ሲያልቅ ሕዝቡ ወደ ካህናቱ ተሰለፈ፣ ጀርባችንን በወይራ እየጠበጠቡ ስግደት ሊሰጡን። ተራየ ደርሶ ቄስ ሞገስ ፊት ጎንበስ አልኩ። ቅናት አለብኝ አልኳቸው በጆሯቸው።

«እሱን ረቡዕ ሰምቻለሁ። ሌላ ጨምር።»

ውሸት ተናግሬያለሁ አልኩ። መቱኝ። የሰጡኝን እየሰገድኩ ወደ ሴቶች በኩል አየሁ። ማየት አልነበረብኝም።

ማስተዋል ተራዋ ደርሶ ነበር። ቄስ ሞገስ ጆሯቸውን አዘንብለዋል፣ እሷ ታወራለች። ረጅም ነው ያወራች። ጠበጠቧት። ቀና ልትል ብላ እንደገና ጎንበስ አለች፣ ሌላ ነገር ተናገረች። እንደገና ጠበጠቧት። ያን ጊዜ የወይራው ድምፅ እኔ ጀርባ ላይ ያረፈ መሰለኝ።

ከዚያ ጥግ ይዛ መስገድ ጀመረች። እኔ የራሴን ጨረስኩ። የአጠገቧ ሴቶች ጨርሰው ነጠላቸውን አራግፈው ሄዱ። እሷ ትወድቃለች፣ ትነሣለች። ነጠላዋ አፈር ሁኗል። እቆጥር ነበር፣ መሐል ላይ ጠፋኝ። ዕቃ ቤት ከረጢት ሲወርድ ጠፍቶኝ አያውቅም።

ሰው በትንሽ ነገር እንደዝህ አይሰግድም።

ሳልጠብቃት ወደ ቤት ሄድኩ። ነገ እጠይቃታለሁ። የምትለኝን ከሰማሁ በኋላ የምሆነውን ግን አላውቅም። ፋሲካን ልጆቼ ፊት በምን ገጽ ነው የምፈስክ።

ቅዳሜ፣ ቀዳም ስዑር

ጠየቅኋት። ጠየቅኋት ማለት እንኳ አይደለም።

ጧት ካህናቱ ደውል እየመቱ ቄጤማ ሲያድሉ ደረሰኝ፣ ራሴ ላይ አስሬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እሷ የጠላ ብርጭቆ ታጥባለች። ትንሿ ልጃችን ሕይወት ሰፈር ለጨዋታ ወጥታለች፣ ቃልኪዳን ውስጥ ናት። አፌ አልከፈት ሲለኝ ጌሾዎቹ አጠገብ ሄጀ ቆምኩ። ሳላስበው አንዱን ግንድ ያዝኩ። አየሁት። የቅርንጫፉ ጫፍ በአግድም ተቆርጧል፣ ምላጭ የነካው ይመስላል። ሁለተኛውም። ሁሉም። ፍየል በማጭድ አትበላም።

«ይኸን የቆረጠ ሰው ነው» አልኩ።

ቀና ሳትል፣ «እኔ ነኝ» አለች። «ሸጥኩት። ጠላ ለሚጠምቁት። ለበዓል ጌሾ ይወደዳል።»

«ቀሚሱ?»

«ከጌሾው ነው።» ብርጭቆውን ደፋችው። «እንዳየኸው አውቄ ነበር። አንተ እጅጌ ወደ ውስጥ ነው የምታጥፍ።»

ተቀመጥኩ። መሬት ላይ። ለዕቃ ቤቱ የገባ የወጣውን ሁሉ የምጽፍ ሰው ነኝ፣ ግቢየ ውስጥ ያለው ዛፍ ሁሉ ተላጭቶ ፍየል ነው ብየ አለፍኩ።

ከዚያ ነገረችኝ። እየነገረችኝ ማጠቡን አላቆመችም። ቡሬ የሄደች ቀን መጀመሪያ ልብስ ቤቱ ገባች፣ ብቻዋን። ያን ቀሚስ አየችና ገዛችው። እህቷ ቤት ስትደርስ የዝና አልጋ ላይ ሁና ይኸን ዳኛቸው ገዛልኝ፣ ያን ዳኛቸው ገዛልኝ ትላለች። ማስተዋል ፌስታሏን አስቀምጣ «ይኸን ደግሞ ይርጋ ነው፣ ቀለሙን መርጦ በስልክ አዘዘልኝ፣ እኔ ላነሣው ብቻ ነው የመጣሁ» አለቻት። የዝና ቀሚሱን አገላብጣ አየችው። በሳምንቱ ለቤቷ ሁሉ በዚያው ጥለት አሰፋች።

የተቀዳ የእኛ ነው ለካ። የእነሱ አይደለም።

«ለምን እንደዝያ አልሽ?» አልኳት።

«ብሩ ለልጆቹም ይደርስ ነበር። ላንተም ሸሚዝ ይደርስ ነበር። አልገዛሁም፣ ይርጋ። ለራሴ ብቻ ፈለግሁ። አንድ ነገር የእኔ ብቻ ሁኖ ይምጣ ብየ። ትናንት አንዱን ስግደት የሰገድኩ ለእሱ ነው። ለእሱስ አባ ትንሽ ነው የሰጡኝ። የበዛው ለውሸቱ ነው።» ሌላ ብርጭቆ አነሣች። «የዝና ፊት፣ የሚያየኝ ባል አለኝ ማለት አማረኝ። ቀሚሱን ለራሴ ገዛሁ፣ አንተን ደግሞ ለእህቴ አሳመርኩህ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ብልህ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። እኔ ግን እሷ ይኸን ያህል ካለች እኔም ልበል ብየ ነገርኳት። ፎቶውን። ጥለቱ አንድ መሆኑን። ሳምንቱን ሙሉ ዳኛቸው ነው የገዛላት ብየ እንደከረምኩ።

ብርጭቆው እጇ ላይ ቆመ።

«ዳኛቸው? የእህቴ ባል?»

ቄጤማውን ከራሴ ፈታሁ።

«ሳጥን ከፍተህ ከምትፈትሽ አፍህን ከፍተህ ብትጠይቀኝ ምን ነበር? ጠይቀኸኝ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።» ውኃውን ጌሾው ሥር ደፍታ ገባች።

እፎይ ብያለሁ። ደግሞ አፍሬያለሁ። የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም። ለእሷ ያላልኳት አንድ ነገር ቀርቷል፣ ለዳኛቸው «አዎ» ማለቴ። ያቺን ዋጥኳት።

እሑድ፣ ፋሲካ

ከቅዳሴ መልስ ተገደፈ። ማስተዋል አሮጌውን ቀሚሷን ለበሰች። ልጆቹን አገላብጣ ሳመች። እኔን ጉንጬን ነካ አድርጋ አለፈች።

ዶሮው ሲወጣ ፈረሰኛው ከድሮም የእኔ ነው። ለቃልኪዳን ሰጠቻት። ልጅቷ እኔን አየች። እኔ ወጡን አየሁ።

ሰኞ፣ ማዕዶት

አክፋይ። ልጆቹን ከእትየ ጥሩ ዘንድ ትተን ልንወጣ ስንል ማስተዋል ከጓዳ ወጣች። ለብሳዋለች። አረንጓዴው ፊቷ ላይ ብርሃን ጣለባት። ያምርብሻል አልኳት። «ዛሬ ነው ያየኸኝ?» አለችኝና ሙልሙሉን ያዘች። እኔ በጉን ያዝኩ። ዘንድሮ በግ ነው፣ ትንሽ ናት፣ ግን በግ ናት።

በሚኒባስ ማንኩሳ፣ ከዚያ ቁልቁል በእግር። እነ ዳኛቸው ቀድመውናል። አምስቱም በጥለታቸው። ዳኛቸው ዘንድሮ ተምሯል፣ ከነሶላሩ ቴሌቪዥን አምጥቷል። አማቴ አያ ቢያድግ «ይኸን ነገር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሩልኝ፣ ሰው ሲበላ አፍጥጦ ያያል» ብለው አስዙረውታል። ፍሪጁ በርበሬውን እንደያዘ ነው።

ማስተዋልና የዝና ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ አንድ ጨርቅ ላይ የተቆረጡ ይመስላሉ። አማቴ እማማ ዓይናቸውን ከሁለቱ አላነሡም።

ከተበላ በኋላ አያ ቢያድግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይርጋ፣ ተነሥ።»

ተነሣሁ።

«ለቤቴ ዕቃ የሚያመጣልኝ አለኝ፣ እግዜር ይስጠው። አንተ ግን ልጄን አይተህ፣ ቀለሙን መርጠህ አለበስክልኝ። የዝና ነገረችኝ። አሁን ልመርቅህ ነው።»

እውነቱን ልጻፍ። ዳኛቸው መሬት መሬት ያይ ነበር፣ እኔም ደስ አለኝ። የአምናዋ ዶሮ ፍሪጁ እግር ላይ ታስራ የዋለችው ካሳዋን ያገኘች መሰለኝ። ከዚያ የሽማግሌው እጅ ወደ ላይ ሲነሣ ፈራሁ። ያልሠሩበት ምርቃት ይከብዳል። በልጅነታችን ርግማን ሁኖ ይመለሳል ይሉን ነበር። ማስተዋልን አየኋት። እኔ ብናገር እሷን እህቷ ፊት ማዋረድ ነው። ዝም ብል ምርቃት መስረቅ ነው።

«አባየ፣ ይቆዩኝ» አለች ማስተዋል። «እሱ አልገዛልኝም። ራሴ ነኝ፣ ከጌሾየ ሽያጭ።»

የዝና ዞር ብላ አየቻት።

«ይርጋ መረጠልኝ አላልሽኝም?»

«ዋሸሁሽ፣ እህቴ። ቀንቸብሽ ነው።»

የዝና ጥለቷን በጣቶቿ ያዝ አድርጋ ቆየች። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። «እንግዲያ አምስት ሰው ነው በውሸትሽ ያለበስኩ» አለች። አማቴ እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ዳኛቸው ግን አልሣቀም። ወደ እኔ ዞረ።

«አያ ይርጋ፣ እኔ ማክሰኞ ጠይቄህ አዎ አላልከኝም?»

ሁሉም እኔን አየ። ቆሜ ነበርኩ፣ የምሸሸግበት የለም።

«ብየሃለሁ» አልኩ።

ማስተዋል ቀስ ብላ ቀና አለች። ይኸን አታውቅም ነበር። «አዎ አልከው?»

«አዎ።»

«ቀለሙንም እኔ መረጥኩ ብለህ?»

«እሱንም።»

ሣቀች። በአዲሱ ቀሚሷ እጅጌ ፊቷን ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሣቀች። ከዚያ የዝና፣ ከዚያ ሁሉም። ዳኛቸው «እኔ እኮ ሳምንቱን ሙሉ እሷ የምትወደውን ቀለም ሳጠና ነው የከረምኩ» አለ፣ የባሰ ተሣቀ። የዝና «እስቲ ምንድን ነው?» አለችው። አላወቀውም። ያ ሰውየ እንደእኔ ነው ለካ። አይሱዙ ብቻ ነው የሚለየን።

አያ ቢያድግ ሣቁ እስኪያልፍ ጠበቁ። እጃቸው እንደተነሣ ነው።

«እንግዲያ ምርቃቱ ለጌሾው ነው» አሉ። «ጌሾሽን ያለምልምልሽ። ማጭድ የያዘ እጅሽን ያበርታልሽ።»

ተቀመጥ ያለኝ ስላልነበረ ቆሜ አሜን አልኩ።

ዳገቱን ስንወጣ ከእኔ ቀድማ ትሄድ ነበር፣ የቀሚሷን ጫፍ ከአቧራ ሰብስባ። መንገዱ አጋማሽ ላይ ቆመችና ጠበቀችኝ።

«የዳኛቸውን ነገር ግን አልረሳሁትም» አለች።

አውቃለሁ አልኳት። ከዚያ ወዲያ ጎን ለጎን ሄድን። በጎን ሆኖ ሲታይ ሐረጉ ከወይን ጠጅ ይልቅ ወደ ቀይ ያደላል። ይኸን ነገርኳት። «ዘገየህ» አለች፣ ግን እጅጌዋን አንሥታ እሷም አየችው።

ማክሰኞ

ዕቃ ቤቱን ዛሬ ዘግይቸ ነው የከፈትኩት። መጀመሪያ እትየ ጥሩ ዘንድ ሂጀ ስለ ፍየሏ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

«እኔ እኮ ጌሾውን ስታጭድ ከረጢት ይዠላት ነበር» አሉኝ። «የማታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ፣ ልጄ። ፍየሏ እንኳ ታውቃለች።»

ፍየሏ አጠገባቸው ቁማለች። አላየችኝም ብየ ላስብ።

ስመለስ ማስተዋል ጓሮ ነበረች። ፍራሼን ከሳሎን አውጥታ ፀሐይ ላይ ዘርግታዋለች። ወደ ጓዳ ይግባ ወይ እንደገና ሳሎን ይመለስ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። መጠየቅ እንዳለብኝ አሁን፣ ስጽፈው ነው የገባኝ።

ልወጣ ስል ጠራችኝ።

«ክረምቱ ሳይገባ ጌሾ ልጨምር ነው። ከሥራ ስትመጣ ጉድጓድ ትቆፍርልኛለህ።»

ስንት አልኳት። ልጽፈው።

«በቃ እስክልህ።»

ቄስ ሞገስ እንኳ በወይራ መትተው ቁጥር ይሰጣሉ። እሷ ቁጥር አልሰጠችኝም። ዶማውን ዕቃ ቤት አግኝቸዋለሁ፣ ፈርሞ የሚወስድ እኔው ነኝ።